ድጥ ያሳደገው፣ በረዶ ሲገጥመው

ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከገባ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር፤ እዚያ ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ መኪናዋ አልነሳ አለችኝ። እጄንም አላውቀው፤ ቁልፉን መጨበጥ አቃተኝ» አለኝ። ይህ ልጅ ወለጋ ውስጥ፣ ሲሬ ላይ አራት ክረምት ሙሉ አይሱዙ የነዳ ነው። ሌላው ሹፌር «በዚህ ዝናብማ አልወጣም» ብሎ መኪናውን ባቆመበት ቀን ከገጠር ቀበሌዎች በቆሎና ኑግ ጭኖ የሚመለስ። አጎት ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተት፤ ቶሎ ወደ ቤት ግባ» የሚል ብቻ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጉዳዩን አልተውኩትም። እዚያ የሚኖሩትን ጠየቅኩ፣ የተጻፈውን አነበብኩ፣ የእኛን ሹፌሮችም ቁጭ አድርጌ አዋየሁ። የጠየቅኩት ይህንን ነው፦ በወለጋ ጭቃ ላይ መንዳት የተማረ ሰው ያ በረዶ ሲገጥመው የሚያውቀው ነገር ምን ያህል ይጠቅመዋል? ያልተማረውስ ምኑን ነው? የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። መንሸራተትን የእኛ ሹፌር ጠንቅቆ ያውቃል። ቆሞ መቅረትን ግን እንደ አደጋ አይቆጥረውም፤ እዚያ ደግሞ ቆሞ መቅረት ሰው ይገድላል።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። ትምህርት ቤት ውስጥ «ዊንተር ማለት ክረምት ነው» ተብለን ተምረናል። ክረምት ለእኛ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ነው። የዚያኛው አገር ክረምት የሚበረታው ደግሞ በእኛ በጋ፣ በገናና በጥምቀት መካከል ነው። የእህቴ ልጅ በጥቅምት መጨረሻ ሲሄድ «እንኳን ክረምቱ አለፈ» ብላ የመረቀችው እናቱ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው። ልጁ የሄደው ወደ ብርዱ መግቢያ ነበር።

በረዶ የሚለውም እንዲሁ ነው። ሲሬ ላይ በረዶ ማለት በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን የሚደበድብ፣ የበቆሎውን ቅጠል የሚሸነታትር፣ ልጆች አፍሰው አፋቸው ውስጥ የሚጨምሩት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃ ሆኖ የሚሄድ ጠጠር ነው። የዚያኛው ድምፅ የለውም። እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ እስከ መጋቢት ላይሄድ ይችላል። ለእሱ አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ መጽሐፍ የሚያነብ ያውቀዋል እንጂ ገበያ ላይ አይሰማም። ሣሩን ሌሊት የሚያነጣው ውርጭ ነው። ጣት ደርቆ አዝራር መቆለፍ ሲያቅት ቆፈን ይባላል። የእህቴ ልጅ ያን ምሽት የያዘው ቆፈን ነበር፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ነገሩን ግን ያን ዕለት ነው ያየው።

እነዚህን ቃላት የሠራው ደገኛው ነው፤ ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ ብርድ አያውቅም» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። በባሌ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 469 ሜትር ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል፤ በዚያ ዘመን ከበላያቸው ያለው ተራራ የበረዶ ግግር ተሸክሞ ነበር፣ እነሱም ፍልፈል እያደኑ እሳት ዳር ይኖሩ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል፤ እዚያ ያለው በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ይናገራል። እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ በረዶ በእኛው አገር የተመዘገበው እንግዲህ ቢያንስ ከ1 ሺህ 500 ዓመት በፊት ነው።

ቅርቡን ስናይ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የኮሪያን ክረምት ኮረብታ ላይ፣ ምሽግ ውስጥ አሳልፎታል። በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ አገራችንን በዚያ መድረክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ደብረ ብርሃን የሚያድግ ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ነጭ ውርጭ እየረገጠ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። በጣርማ በር ዋሻ የሚያልፍ ሹፌር ጉሙን፣ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው ደግሞ 4 ሺህ ሜትር ላይ ያለውን ነፋስ ያውቀዋል። መንዞች ከበግ ጠጉር ባናና ዝተት የሚሠሩት፣ በርኖስም የሚደርቡት ለጌጥ አይደለም።

ሲሬ ግን ደጋ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በአምቦ አድርጎ የጌዶን ከፍታ ያለፈ መኪና ወደ ባኮ ቆላማ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ እንዳለ፣ ነቀምቴ ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው፣ ሲሬን ያገኛታል። ብርዱም ሙቀቱም የሚቻል ወይናደጋ ነው። እኛን የሚያስተምረን ዝናቡ ነው። ነቀምቴ በዓመት 2 ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛውም ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ነው፤ ኦሮምኛው ዶቄ የሚለው ጭቃ ከእሱ ይሠራል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩራፕ በተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች የጠጠር መንገድ አግኝተዋል፤ ጠጠሩ ታጥቦ ያለቀበት ቦታ ላይ ግን የድሮው ሕግ ተመልሶ ይገዛል።

አንድ የሐምሌ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሲሬ ወጣ ብሎ አንድ አይሱዙ ቁልቁለት ወርዶ ዳገቱን ሊይዝ ሲል የኋላ ጎማው ገባ። ጥንዶቹ የኋላ ጎማዎች መካከላቸው በጭቃ ተሞልቶ እንደ አንድ ድንጋይ ሆነዋል። ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ ጎማው በቦታው ተሽከረከረ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ተፈጭቶ እንደ ሳሙና ለሰለሰ፣ መኪናው አንድ ስንዝር ወረደ። ረዳቱ ባዶ እግሩን ዘሎ ታኮውን ከኋላ ወሸቀ። ይህን ጊዜ ከማሳው አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡና ሹፌሩን በመስኮቱ «ልጄ፣ አትርገጠው! እየቆፈርክ ነው» አሉት። ሁለት ጎረምሶች የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው አመጡ፤ አንዲት ሴት ከአውድማ ዳር ገለባ በቁና አፈሰች። ከጎማው ፊት የነበረው ጭቃ ተቆፍሮ ቅርንጫፉና ገለባው ተነጠፈ። ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ መኪናው ወደ ፊት ትንሽ፣ ወደ ኋላ ትንሽ እያለ ተወዛወዘ። አሥራ አራት ሰው ከኋላ «ሆ!» አለ። ወጣ። ከወጣ በኋላ ማንም ወደ ሥራው ወዲያው አልተመለሰም፤ ቡና ተፈልቶ ነበርና።

አሁን ይህን ሚኒያፖሊስ ወዳለችባት ግዛት ወደ ሚኒሶታ ውሰዱት። በረዶ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ነዳጅ አይረገጥም፤ የተሽከረከረ ጎማ ከሥሩ ያለውን በረዶ አቅልጦ መልሶ ያረጋውና መስታወት ያደርገዋል። ከጎማው ፊት በአካፋ ይጠረጋል፤ በገለባ ፈንታ አሸዋ ይበተናል። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ መሪውን በድንገት አለማዞር፣ ዳገት ሊወጣ ሲል ከሥር ፍጥነት ይዞ መሐል ላይ አለመቆም፣ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ፈንታ በማርሽ መያዝ፤ ሲሬ ላይ ረዳት የነበረ ልጅ ይህን ሁሉ በእግሩ ጣት ጭምር ያውቀዋል። የበረዶ መንዳት ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ቀድመው የሚያነሱትም ይኸው ነው፤ ሁሉን ነገር ቀስ አድርግ፣ መንገዱን ከመኪናው አስቀድመህ አንብብ።

የማይሻገር ዕውቀትም አለ፤ እሱን ሳይለይ የሄደ ይጎዳል። የእኛ ሹፌር ድጥ ላይ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ያደርጋል። የዛሬዎቹ መኪኖች ኤቢኤስ አላቸው፤ ይህን ሥራ ራሱ መኪናው በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይሠራዋል። እግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ የደነገጠ ሹፌር ለቀቅ ካደረገ መኪናውን ሥራውን ያስጥለዋል፤ አጥብቆ ረግጦ መያዝ ነው ያለበት። የእኛ ሰው ማጥ ሲገጥመው የጎማ ነፋስ ይቀንሳል። አስፋልት ላይ ባለ በረዶ ግን ይህ አይደረግም፤ እንዲያውም ብርዱ ራሱ ነፋሱን ይቀንሰዋል፣ በየ5 ዲግሪ ተኩል ቅዝቃዜ አንድ ፒኤስአይ ያህል።

ድጥ ደግሞ ይታያል። ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከሩቅ ይናገራል። እዚያ «ጥቁር በረዶ» የሚሉት ስስ የረጋ ውሃ ከታች ያለውን አስፋልት አሳልፎ ስለሚያሳይ እርጥብ መንገድ ይመስላል፣ ወይም ምንም አይመስልም። ድልድይ ላይ ቀድሞ ይረጋል፤ መሬት ከሥሩ ሙቀት ይሰጣል፣ ድልድይን ግን ከላይም ከታችም ነፋስ ይመታዋል። የዴዴሳን ወንዝ ስንሻገር የምንፈራው ገደሉን ነው፤ እዚያ ድልድይ የሚፈራው አምስት ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም ነው። ስለዚህ ከፊት ካለው መኪና የሚተወው ርቀት ይጨምራል፤ በደረቅ መንገድ ሦስት ሰከንድ የሚበቃው ስምንትና አሥር ይሆናል። በአዲስ አበባ መንገድ የለመደ ሰው ያን ያህል ክፍተት ሲያይ ሌላ መኪና የሚገባበት ይመስለዋል። ይግባ፤ ያኔ እንደገና ወደ ኋላ መቅረት ነው።

መኪናውንስ ብርዱ ምን ያደርገዋል? ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪው ጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል፤ በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት እንደ ማር ወፍሮ ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። የእህቴ ልጅ መኪና ያልተነሳችው ለዚህ ነው፤ የገዛት ከባትሪዋ ጋር አርጅታ ነበር። ናፍጣ በከባድ ብርድ ውስጡ ያለው ሰም እየረጋ ማጣሪያውን ይዘጋል፤ ለዚህ ነው ለክረምቱ ሌላ ዓይነት ናፍጣ የሚሸጠው። ራዲያተር ውስጥ ውሃ ብቻ የሞላ ሰው፣ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ እዚያ በአንድ ሌሊት ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ካናዳ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ኤድመንተንና ካልጋሪ ቆሞ ያደረ መኪና ከፊቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይታያል። ሌሊቱን ሞተሩን የሚያሞቅ መሣሪያ ነው።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሕይወት ያለው እዚያ ነው። ተራው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደርቃል፤ የክረምት ጎማ የሚባለው ግን ከተለየ ጎማ ስለተሠራ በብርድም እንደ ለሰለሰ ይቆያል፣ ጥርሱም በረዶውን ይነክሳል። የካናዳዋ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ማንም ያለ እሱ እንዳይነዳ በሕግ ታስገድዳለች፤ ስዊድንም ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ሲይዝ ትጠይቃለች። ሚኒሶታ እንዲህ ዓይነት ሕግ የላትም። ብዙ ሰው «ለሁሉም ወቅት» የተባለውን ጎማ ዓመቱን ሙሉ ያስራል። ሰንሰለትን በተመለከተ የእኛ የጭነት ሹፌሮች የሚያፍሩበት የለም፤ ዴንቨር አካባቢ ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ኢንተርስቴት 70 በሚባለው የኮሎራዶ ተራራ መንገድ ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት ይዘው እንዲሄዱ ይገደዳሉ። እዚህ በጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሰንሰለት ያሰረ እጅ እዚያም ማሰሩ አያቅተውም። የሚያቅተው ጓንቱን ማውለቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚከብደው። አይሱዙው ሲሬ ላይ ባይወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሹፌሩ ከሽማግሌው ቤት ያድር ነበር። የገባ መኪና እኛ ዘንድ ከእንግዳ ጋር ይቆጠራል፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ይመከራል፣ ይበላል። ቢበዛ አንድ ቀን ይጠፋል። እዚያ ግን ሞተሩ ሲቆም ማሞቂያውም አብሮ ይቆማል፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ብርድም ሥራውን ይጀምራል። በጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ሚኒያፖሊስ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ለሰው ገላ ከዜሮ በታች ከ45 ዲግሪ በላይ ነው የሚሰማው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ያን ቀን በሚኒሶታ ደብዳቤ ማደል አቆመ። በዚያ ዓይነት ብርድ የተገለጠ ቆዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማና አካባቢዋ ላይ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በወረደው የበረዶ ማዕበል ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱ መካከል መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ የተገኙ አሉ።

ስለዚህ መኪናው በረዶ ውስጥ ከቀረ ሕጉ ከእኛው ተቃራኒ ነው። ወርዶ እርዳታ ፍለጋ መሄድ የለም። ነጩ ነገር አቅጣጫ ያጠፋል፤ መቶ ሜትር ርቆ የሄደ ላይመለስ ይችላል። መኪናው ግን ከሰው ይልቅ ቶሎ ይታያል። ደማቅ ጨርቅ አንቴናው ላይ ይታሰራል፤ ሞተሩ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት ግን ወርዶ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ መጥረግ የግድ ነው። በበረዶ የተደፈነ ጭስ ማውጫ ጋዙን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ይህን ስሰማ ልቤ ደነገጠ፤ ያው የእኛው ገዳይ ነውና። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ቤተሰቦች ጠዋት ሳይነሱ የቀሩበትን ታሪክ ያልሰማ ማነው? ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚያስነጥስ ጭስ እንኳ የለውም፤ ያስተኛል። የከሰሉን አደጋ ለምናውቅ ሰዎች የጭስ ማውጫው አደጋ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም፤ ማንም ሁለቱን አያይዞ አልነገረንም እንጂ።

ስለ ገላ ሦስት ነገር ላንሳ። የሰው ውስጣዊ ሙቀት ከ37 ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፤ አደገኛው ግን መንቀጥቀጡ ሲቆምና ሰውየው እንደ ሰካራም መንተባተብ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ «ለመደው» ብሎ የሚተወው ወዳጁን ያጣል። ሁለተኛው አረቄ ነው። ብርድን በአረቄ ማባረር እኛ ዘንድ የአባቶች መድኃኒት ተደርጎ ይወሰዳል። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀት እንዲሰማ ያደርጋል፤ ያ ሙቀት ግን ከውስጥ የሚወጣው ነው፣ የሚገባ አይደለም።

ሦስተኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። በአሜሪካ ጦር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ወታደሮች በውርጭ ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ ሁለትና ከዚያ በላይ እጥፍ መሆኑን አሳይተዋል። ስለ ብርድ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ «ቆዳዎ ቀልቶ ወይም ነጥቶ ካዩ» ይላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ምልክቱ እንደ አመድ መገርጣት፣ ሰም መምሰልና መደንዘዝ ነው። የደነዘዘ ጣት አይታሽም፣ በረዶም አይቀባም፣ እሳት ላይም አይደገንም፤ ከሰው ገላ ሙቀት ብዙም በማይበልጥ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ብብት ውስጥ ክተት ያልኩት ትክክል እንደነበር ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ።

ልብሱም ላይ ስህተት አለ። ጋቢያችን ጥጥ ነው። ደርቆ ሳለ እንደ እሱ የሚሞቅ የለም፤ አራት እጥፉ መካከል አየር ይይዛል። ላብ ወይም የቀለጠ በረዶ ከነካው ግን ውሃውን ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል። ከገላ ጋር የሚነካው ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ቢሆን ይሻላል፤ በዚህ የመንዝ ሰው ከእኛ ቀድሞ አውቆ ነበር። ጣት ለጣት ከተለየ ጓንት ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሞቃል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ላይ የተኙ ልጆች አይበርዳቸውም።

ከተሞቹ ለበረዶ ያላቸውን ሥርዓት አደንቃለሁ፤ ለአዲስ ገቢ ግን ወጥመድ ነው። ሚኒያፖሊስ ብዙ በረዶ ሲወርድ የሦስት ቀን አዋጅ ታውጃለች። በመጀመሪያው ቀን ማታ ዋና ተብለው ምልክት ከተደረገባቸው ጎዳናዎች ሁሉ መኪና ይነሳል። በሁለተኛው ቀን በሌሎቹ ጎዳናዎች ተጋማሽ የቤት ቁጥር ባለበት በኩል፣ በሦስተኛው ቀን ኢተጋማሽ ቁጥር ባለበት በኩል ማቆም ይከለከላል፤ ጠራጊው መኪና እንዲያልፍ ነው። ያላወቀ ሰው ጠዋት ሲወጣ መኪናው ተጎትታ ሄዳለች፤ ለማስለቀቅ የሚከፍለው የቀናት ደሞዝ ነው። ጠራጊዎቹ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ግን ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ኃይሉ ይደክማል፤ «ጨው ተበትኗል» ብሎ መተማመን እዚያ ላይ ያበቃል። የመንገዱን ሁኔታ ለማወቅ 511 የሚባል ቁጥር አለ። የሚኒሶታ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት ጀምሮ ለጠራጊ መኪኖቹ ሕዝቡ ስም እንዲያወጣላቸው ያወዳድራል። ሕዝብና መንግሥት በረዶን በጋራ እንደሚጠብቁት ይህ ይነግረኛል። ሚኒያፖሊስ ከጥቅምት 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ጀምሮ በወረደ አንድ ማዕበል 72 ሳንቲ ሜትር በረዶ ያየች ከተማ ናት፤ ይህን ሥርዓት ያወጣችው ተቸግራ ነው።

የጨለማውን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ከሥራ የሚወጣ ሰው ጨለማ ውስጥ ገብቶ ጨለማ ውስጥ ይወጣል፤ ልቡ ይከብደዋል፤ የእኛ ዓይነት ቆዳ ደግሞ ከዚያች አጭር ፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ አያገኝም። ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ብዙ ከጠየቅኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ታየኝ። ከሁሉም በፊት ብርዱ የሚመታው ገንዘብ የሌለውን ነው። ሚኒሶታ በአሜሪካ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ የሚገኝባት ግዛት ናት፤ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው የሚኒያፖሊስ ሰፈር የወለጋን ሰው ማግኘት አያስቸግርም። የቆየው ሰው አዲስ ባትሪ፣ የክረምት ጎማ፣ መኪና ማቆሚያ ቤት አለው። አዲሱ ልጅ ርካሽ መኪና ይገዛል፤ ጎማዋ ያለቀ፣ ባትሪዋ የደከመ። ሥራው ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ወይም ዕቃ ማድረስ ነው፤ ቀረሁ ቢል ደሞዙ ይቀራል። «ዛሬ አትውጡ» የሚለው የሬድዮ ማስጠንቀቂያ ለእሱ አልተጻፈም። እኔ እዚህ ሆኜ «ለምን ወጣህ?» ብዬ ልቆጣው አልችልም፤ አሥር ሺህ ብር ለእናቱ የላከው በዚያ መውጣት ነው። የምንችለው አስቀድሞ መናገር ነው። ልጅ ሲሸኝ ሰፈሩ ሁሉ ይመርቃል፣ ገንዘብ ያዋጣል፤ «መጀመሪያ ባትሪውንና ጎማውን ቀይር» የሚለው ግን የለም። እዚያ ያሉትም «ይለምደዋል» ይላሉ። ብርድ በዓመታት ይለመድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ክረምት ግን መጠበቅ አያውቅም።

በሰኔ መግቢያ እህቴ ጋቢ ላከችለት፤ በሶና ቆሎም አብራ አሰረች። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝታ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፤ በዚህ ጊዜ በቀን ነው፣ ድምፁም ደህና ነው። አዲስ ባትሪ ገዝቷል፤ የክረምት ጎማውን ደግሞ በሁለት ክፍያ። ከዚያ የመኪናዋን ሻንጣ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አጭር አካፋ አለ፤ አንድ ከረጢት አሸዋ፤ ባትሪ ማስነሻ ገመድ፤ ቀይ ጨርቅ፤ ሻማና ክብሪት በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ። በሶው በላስቲክ ተቋጥሯል። ጋቢው ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ታኮ ብቻ ነው የጎደለው» ብሎ ጻፈልኝ። ነቀምቴ ያለ አናጢ ጋ ሄጄ ከወይራ እንዲጠርብልኝ ነግሬዋለሁ።